መንገዱን ማን ለካው? የፔስ ስሌትና የትራያትሎን ታሪክ

እስቲ ይህን ቁጥር ተመልከቱት፦ 1:46:25። አንድ ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ። እንግሊዛዊው አሊስተር ብራውንሊ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የወንዶች ትራያትሎንን ያሸነፈበት ሰዓት ነው። ትራያትሎን ሦስት ስፖርቶችን በአንድ ውድድር የያዘ ነው። መጀመሪያ ዋና፣ ከዚያ ብስክሌት፣ በመጨረሻ ሩጫ፤ ሰዓቱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አይቆምም።

ታዲያ ሰውየው ምን ያህል ፈጣን ነበር? 1:46:25 ብቻውን ምንም አይነግረንም። ምን ያህል ርቀት እንደሸፈነም ማወቅ አለብን። ጊዜውን ለርቀቱ ስናካፍል የምናገኘውን ሯጮች «ፔስ» ይሉታል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ የሚወስደው ጊዜ ማለት ነው። ተራ ማካፈል ነው፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ነገር ግን በዚሁ ተራ ማካፈል የዓለም ክብረ ወሰን ተሰጥቶ ተመልሶ ተነጥቋል። ሰዎች ሰዓት በመያዝ ቶሎ ነው የጎበዙት። መንገድ በመለካት ግን ለረጅም ጊዜ ሲሳሳቱ ኖረዋል።

መጀመሪያ ስልሳን እንግራው

ብራውንሊ የመጨረሻውን 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በ29 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ጨረሰ። ብዙ ሰው ካልኩሌተሩን አንሥቶ 29.07 ብሎ ይጽፍና ለ10 ያካፍላል። 2.907 ይመጣለታል። ከዚያ «2 ደቂቃ ከ90 ሰከንድ» ሊል ይሆን? 90 ሰከንድ እኮ ከአንድ ደቂቃ ይበልጣል!

ስሕተቱ የመጣው ደቂቃ በ100 ሳይሆን በ60 የሚከፈል በመሆኑ ነው። መፍትሔው ሁሉንም ወደ ሰከንድ መለወጥ ነው። 29 × 60 = 1,740፤ 7 ስንጨምርበት 1,747 ሰከንድ። ለ10 ሲካፈል 174.7 ሰከንድ። በዚህ ውስጥ 120 ሰከንድ ማለትም 2 ደቂቃ አለ፤ የሚተርፈው 54.7 ነው። ስለዚህ የብራውንሊ ፔስ በኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ54.7 ሰከንድ ነበር።

ይሄ 60 ከየት መጣብን? በዛሬዋ ኢራቅ ምድር ይኖሩ የነበሩት ባቢሎናውያን ከ3,500 ዓመት በፊት ጀምሮ ሒሳባቸውን የሚሠሩት በ60 ነበር። 60 ደግሞ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10ም ለ12ም ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለገበያም ለሰማይ ቆጠራም የተመቸ ነው። የግሪክ የከዋክብት ተመራማሪዎች ከእነርሱ ወረሱት፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገር ተዳረሰ። በእኛም ባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንዱ ኬክሮስ ደግሞ በ60 ካልኢት። እስቲ አስሉት፦ 24 ሰዓት ለ60 ሲካፈል አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል፤ አንድ ካልኢት 24 ሰከንድ። ደስ የሚለው ነገር ምን መሰላችሁ? «ሰከንድ» የሚለው ቃል መነሻው ላቲን ነው፤ «ሁለተኛው ክፍልፋይ» ከሚል ሐረግ የመጣ ነው። ካልኢትም በግእዝ «ሁለተኛ» ማለት ነው። ሁለት የተራራቁ የትምህርት ዓለሞች በ60 ሁለት ጊዜ ከፍለው ያገኙትን ቁራሽ አንድ ዓይነት ስም ሰጡት።

የሚዘረጋና የሚሸበሸብ ማራቶን

ሰዓቱን ከተረዳን ወደ ርቀቱ እንሂድ። ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ኦሊምፒኮች «ማራቶን» ማለት በግምት 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ነበር፤ አዘጋጁ ከተማ የሚመቸውን ይመርጣል። 42.195 የመጣው እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ነው። መነሻው የዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ መድረሻው በስታዲየሙ ውስጥ በንጉሣውያን መቀመጫ ፊት ለፊት ሆነና መንገዱ 26 ማይል ከ385 ያርድ ወጣ። በሜትር ሲቀየር 42,195 ነው። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ይህን ርቀት ቋሚ ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ1921 ነው።

በመሀሉ ምን እንደሆነ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ደቡብ አፍሪካዊው ኬን ማክአርተር በ2:36:54.8 አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1920 በአንትወርፕ ፊንላንዳዊው ሃነስ ኮለማይነን በ2:32:35.8 አሸነፈ። ሰዓታቸውን ብቻ ካያችሁ ልዩነታቸው አራት ደቂቃ ከምናምን ነው። ነገር ግን የስቶክሆልሙ መንገድ 40.2 ኪሎ ሜትር፣ የአንትወርፑ 42.75 ኪሎ ሜትር ነበር። ስናካፍለው ማክአርተር አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ፣ ኮለማይነን በ3 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ነው የሮጡት። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 20 ሰከንድ! አንትወርፕ ላይ ሁለቱ በዚሁ ፔስ አብረው ቢሮጡ ኖሮ፣ ኮለማይነን መድረሻው ላይ ቆሞ ማክአርተርን ከ14 ደቂቃ በላይ ይጠብቀው ነበር። ሰዓት የደበቀውን ፔስ ገለጠው።

ርቀቱ ከጸና በኋላ ማወዳደር ቀለለ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16.2 ሲገባ ፔሱ በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ገደማ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ 2:12:11.2 ሲገባ ወደ 3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ወረደ።

148 ሜትር የበላው ክብረ ወሰን

ርቀቱ በወረቀት ላይ 42.195 ተባለ ማለት ግን አስፋልቱ ላይም ያን ያህል ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካዊው አልቤርቶ ሳላዛር የኒው ዮርክ ማራቶንን በ2:08:13 አሸነፈ። ከዚያ በፊት የተመዘገበው ፈጣን ሰዓት የአውስትራሊያዊው ዴሪክ ክሌይተን 2:08:33.6 ነበርና አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ተጨበጨበለት። ቆይቶ መንገዱ እንደገና ሲለካ 148 ሜትር ገደማ ያንሳል።

148 ሜትር ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። በፔስ እንየው። ሳላዛር የሮጠው በእርግጥ 42.047 ኪሎ ሜትር ከሆነ ፔሱ 183 ሰከንድ ገደማ ነው። የጎደለውን 0.148 ኪሎ ሜትር በዚያው ፔስ ቢሮጥ 0.148 × 183 = 27 ሰከንድ ይጨምርበታል። 2:08:13 ላይ 27 ሰከንድ ስንደምር 2:08:40። ከክሌይተን ሰዓት በ6 ሰከንድ ይዘገያል! ሳላዛር ያን ቀን የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ ክብረ ወሰኑን ያሳጣው ሌላ ሰው በለካው መንገድ የተፈጠረ ጉድለት ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሮበርት ደ ካስቴላ በጃፓን ፉኩኦካ ያስመዘገበው 2:08:18 ነው በኋላ ክብረ ወሰን ተብሎ የታወቀው።

ዛሬ የጎዳና ውድድር የሚለካው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በብስክሌት! የፊት ጎማው ላይ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ይታሰራል። ለካዩ መጀመሪያ በብረት ሜትር በትክክል የተለካ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደጋግሞ ይነዳና የአንዱን ዙር ርዝመት ያውቃል፤ ምክንያቱም ፀሐይ ጎማውን ስታሞቀው ነፋሱ ይለጠጥና ዙሩ ይለወጣል። ከዚያ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር፣ ጥጉን ይዞ ይነዳል። በመጨረሻም ለጥንቃቄ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል። ለማራቶን 42 ሜትር ማለት ነው። ከማነስ መብለጥ ይሻላል ተብሎ።

ከደሴት ላይ የተቆረጠ ውድድር

አሁን ወደ ትራያትሎን እንመለስ፤ እዚህ የርቀት ነገር ይብሳል። ዘመናዊው ትራያትሎን የተጀመረው በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ፣ ሚሽን ቤይ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ጆን ኮሊንስ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ በኋላ ወደ ሃዋይ ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኦዋሁ ደሴት፣ ከአንድ የዱላ ቅብብል ሩጫ በኋላ ክርክር ተነሣ፦ ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ጠንካራው ማን ነው? ኮሊንስ አንድ ሐሳብ አመጣ። በደሴቷ ላይ ያሉትን ሦስት ውድድሮች ብንቀጣጥላቸውስ?

የዋናው ውድድር 2.4 ማይል ነበር። ደሴቷን የሚዞረው የብስክሌት ውድድር 115 ማይል ነበር። የሆኖሉሉ ማራቶን 26.2 ማይል። ብስክሌቱ ዋናው ካለቀበት ተነሥቶ ማራቶኑ ከሚጀምርበት እንዲያበቃ 3 ማይል ተቆርጦለት 112 ሆነ። «አይረንማን» የሚባለው ውድድር ርቀት እንዲህ ነው የተወለደው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰው 3.86 ኪሎ ሜትር የሚዋኘው፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት የሚነዳው፣ አንዲት ደሴት ላይ መንገዱ እንዲያ ስለገጠመ ነው።

የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 ተደረገ። 15 ሰዎች ተነሡ፤ 12 ጨረሱ። ጎርደን ሃለር በ11:46:58 አሸነፈ። ብስክሌቱ ሲያበቃ ግን የሚመራው ጆን ደንባር ነበር። ደንባር ማራቶኑ ላይ ውኃ አለቀበትና ረዳቶቹ ቢራ ሰጡት፤ ሃለር አልፎት ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀድሞ ገባ።

የሃለርን ፔስ እናስላ? ጠቅላላ ርቀቱ 226 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ11.78 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 19.2 ኪሎ ሜትር። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ምን ይነግረናል? በሰዓት 19.2 ኪሎ ሜትር የሚዋኝ ሰው በምድር ላይ የለም። ብስክሌት ላይ ደግሞ ይሄ ለአሸናፊ የዘገየ ነው። አማካዩ ሦስቱንም አይመስልም። ደንባር የተሸነፈበትን ማራቶንም ጨርሶ አያሳየንም። የትራያትሎን ሰው ሦስቱን ለየብቻ የሚያሰላው ለዚህ ነው።

ሦስት ስፖርት፣ ሦስት ቋንቋ

እንዲያውም ሦስቱ ስፖርቶች ፍጥነትን የሚናገሩት በተለያየ ቋንቋ ነው። ዋናተኛ «በ100 ሜትር ስንት ደቂቃ» ይላል፤ ያደገው በተለካ ገንዳ ውስጥ እየተመላለሰ ነውና። ሯጭ «በኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ» ይላል፤ የኪሎ ሜትሩን ምልክት ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን ስለሚያይ። ብስክሌተኛ ግን እንደ መኪና «በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር» ይላል። በዋናና በሩጫ ቁጥሩ ሲያንስ ጎበዝ ናችሁ፤ በብስክሌት ሲበዛ።

ለኦሊምፒክ የተመረጠው ርቀት ለሒሳብ የተመቸ ነው፤ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ትራያትሎን በዚህ ርቀት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። አሁን ብራውንሊን በሦስቱም ቋንቋ እናስላው።

ዋናው በ17:04 አለቀ። 1,024 ሰከንድ ለ15 ሲካፈል በ100 ሜትር 1 ደቂቃ ከ8.3 ሰከንድ። በዚያው ኦሊምፒክ ቻይናዊው ሱን ያንግ 1,500 ሜትርን በገንዳ ውስጥ በ14:31.02 ነው የዋኘው፤ በ100 ሜትር 58 ሰከንድ። ልዩነቱ የጉልበት ብቻ አይደለም። ገንዳ ውስጥ ግድግዳውን በእግር ገፍቶ መስፈንጠር አለ፤ ከታች የሚመራ ጥቁር መስመርም አለ። ትራያትሎኑ ግን በሃይድ ፓርክ ሐይቅ ውስጥ ነበር። ሐይቅ ላይ መስመር የለም። ዋናተኛው ትንሽ ከጠመመ 1,500 ሜትሩ 1,550 ይሆንበታል፤ ሰዓቱ ግን ይህን አያውቅለትም።

ብስክሌቱ 59:08 ፈጀ፤ 3,548 ሰከንድ። 40 ኪሎ ሜትር ነው ብለን ብናሰላ በሰዓት 40.6 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የለንደኑ የብስክሌት መንገድ 43 ኪሎ ሜትር ነበር። በእውነተኛው ርቀት ስናሰላው በሰዓት 43.6 ነው። የውድድሩን ስም ብቻ አይቶ ያሰላ ሰው ከሻምፒዮኑ ላይ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቀንሶበታል።

ሩጫውን ቅድም አስልተነዋል፤ 2 ደቂቃ ከ54.7 ሰከንድ። ከሦስት ቀን በፊት በዚያው ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሞ ፋራህ በ27:30.42 ወርቅ፣ የእኛው ታሪኩ በቀለ በ27:31.43 ነሐስ ወስደዋል። የሁለቱም ፔስ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ነው። ዋኝቶና ብስክሌት ነድቶ የመጣው ሰው ከእነርሱ የዘገየው በኪሎ ሜትር 10 ሰከንድ በማይሞላ ነው። የብራውንሊን ጉብዝና የሚያሳየው ይሄ ነው፤ 1:46:25 ብቻውን ሊነግረን አይችልም ነበር።

አንድ ወጥመድ ግን ልንገራችሁ። በብስክሌት ወደ እንጦጦ 6 ኪሎ ሜትር ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወጣችሁ፤ ያንኑ ቁልቁለት በሰዓት 30 ወረዳችሁ እንበል። አማካዩ 20 ይመስላል፤ አይደለም። ለመውጣት 36 ደቂቃ፣ ለመውረድ 12 ደቂቃ ፈጀባችሁ፤ በድምሩ 12 ኪሎ ሜትር በ48 ደቂቃ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገቱ ላይ ረጅም ጊዜ ስለቆያችሁ አማካዩን ወደ ራሱ ይስበዋል። ፍጥነቶችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የለም፤ ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ነው።

የጠፋው 66 ሰከንድ

የብራውንሊን ሦስት ሰዓቶች ደምሩ እስቲ፦ 17:04፣ 59:08 እና 29:07። 1:45:19 ይመጣል። የገባው ግን በ1:46:25 ነው። 66 ሰከንድ የት ሄደ? ከውኃ ወጥቶ ብስክሌቱን ሲያነሣ፣ ከብስክሌት ወርዶ ጫማውን ሲቀይር። ይሄ «የሽግግር» ጊዜ ይባላል። ርቀት የሌለው ጊዜ ስለሆነ ፔስ የለውም፤ ግን ይቆጠራል። ታናሽ ወንድሙ ጆናታን በዚያው ውድድር ብስክሌቱ ላይ ከተፈቀደው መስመር በፊት በመውጣቱ 15 ሰከንድ ቆሞ እንዲጠብቅ ተቀጣ። ሦስተኛ ሲወጣ ከሁለተኛው የዘገየው በ20 ሰከንድ ነበር።

በሴቶቹ ውድድር ደግሞ የስዊዘርላንዷ ኒኮላ ስፒሪግና የስዊድኗ ሊሳ ኖርዴን ሁለቱም በ1:59:48 ገቡ። ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። ማካፈሉ ለሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣል። ወርቁን ለስፒሪግ የሰጠው የመድረሻ መስመሩ ፎቶ ነው። ሒሳባችን የሚደርስበት ወሰን እዚህ ጋ ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው

ስታዲየም ገብታችሁ ከሮጣችሁ አንዱ ዙር 400 ሜትር የሚሆነው የውስጠኛውን መስመር ከያዛችሁ ብቻ ነው። ስምንተኛው መስመር ላይ አንድ ዙር 453 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ 25 ዙር ሮጦ «10 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ» የሚል ልጅ 11.3 ኪሎ ሜትር ሮጧል፤ ፔሱ ካሰበው በላይ ጥሩ ነው ማለት ነው! በስልክ የምትለኩ ከሆነም ተጠንቀቁ። ስልኩ ከሳተላይት የሚቀበለው ነጥብ ግራና ቀኝ ስለሚዘል፣ ብዙ ጊዜ ርቀቱን ከእውነቱ አስረዝሞ ፔሳችሁን ያሳምረዋል።

ለመሰናበቻ አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 በስፔን ቫሌንሲያ ግማሽ ማራቶንን በ1:02:52 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። ርቀቱ 21.0975 ኪሎ ሜትር ነው። ሁሉንም ወደ ሰከንድ ቀይሩና አካፍሉ። መልሳችሁ ከ3 ደቂቃ በአንድ ሰከንድ ገደማ ካነሰ አግኝታችሁታል። ከዚያ ውጡና በዚያ ፔስ 100 ሜትር ብቻ፣ ማለትም በ18 ሰከንድ ሮጣችሁ ሞክሩት። እሷ ሳታቋርጥ 211 ጊዜ ያህል ደግማዋለች።